የኢንፍሌሽን ሞዴሎች በምን ይለያያሉ? የትኞቹስ ወደቁ?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር ሲያነቡ «ኬኦቲክ»፣ «ሃይብሪድ»፣ «ናቹራል»፣ «የስታሮቢንስኪ»፣ «የሂግስ» የሚሉ ቅጥያዎች ያሏቸው የኢንፍሌሽን (ዩኒቨርስ ገና ሲጀምር እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ተለጠጠ የሚለው ሐሳብ) ዓይነቶች ደጋግመው ገጥመዋቸዋል። እነዚህ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ንድፈ ሐሳቦች ናቸው ወይስ የአንዱ ንድፈ ሐሳብ ልዩ ልዩ ስሞች? ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተፈጸመ ስለሚባል ነገርስ አንዱ ሞዴል ያስኬዳል፣ ሌላው ወድቋል ማለት በምን ማስረጃ ይቻላል?

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት በአንድ መንገድ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። ሞዴሎቹ በወረቀት ላይ የሚለያዩት በዋናነት በሦስት ነገር ነው፤ መለጠጡን ያንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ፣ ያ አንቀሳቃሽ ያዘለው እምቅ ኃይል ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው፣ ሂደቱም በምን ሁኔታ እንዳበቃ። ሰማዩ ግን ይህን ሁሉ ልዩነት አያሳየንም፤ እስካሁን በመለኪያ ልንፈትናቸው የቻልነው ይብዛም ይነስም በሁለት ቁጥሮች ነው። ስለዚህ በስምም በመነሻ ሐሳብም የማይገናኙ ሁለት ሞዴሎች በመለኪያ ፊት አንድ ሆነው ሊቆሙ፣ ከአንድ ቤተሰብ ከወጡ ሁለት ሞዴሎች ደግሞ አንዱ ወድቆ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት ተመራማሪዎች አንድ መስክ ብቻ የሚጠቀሙትን ሞዴሎች ሰብስበው ሲመረምሩ ከሰባ በላይ ዓይነት አግኝተዋል፤ የስሞቹ ብዛት ግን የሐሳቦቹ ብዛት ማለት አይደለም።

በቅድሚያ ሁሉም የሚጋሩትን መሠረት እናስቀምጥ። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀው ጨረር ዛሬ በማይክሮዌቭ መልክ ከየአቅጣጫው ይደርሰናል። የጨረሩ ሙቀት 2.725 ኬልቪን ሲሆን፣ ከአንዱ የሰማይ ጥግ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በተለመደው የቢግ ባንግ ስሌት ግን ያ ጨረር እስከተለቀቀበት ጊዜ ድረስ ብርሃን እንኳ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ተቃራኒው ጥግ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ አላገኘም፤ ታዲያ ሳይገናኙ እንዴት አንድ ዓይነት ሙቀት ኖራቸው? የኅዋ ጂኦሜትሪ ለፍጹም ጠፍጣፋነት እጅግ የቀረበ መሆኑም እንዲሁ ምክንያት የሚፈልግ ነገር ነው። ኢንፍሌሽን ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ዛሬ የምናየው ሁሉ የተነሣው ቀድሞ እርስ በርሱ ተገናኝቶ ከነበረ እጅግ ጥቃቅን ቦታ ነው፣ ያም ቦታ ፍጥነቱ እየጨመረ በሄደ መለጠጥ ከ1 ቀጥሎ 26 ዜሮ ባለው ቁጥር ያህል እጥፍ ሰፋ ይላል። ባለሙያዎች ይህን መለጠጥ የሚቆጥሩት «ኢ-ፎልድ» በሚባል መለኪያ ነው፤ ቦታው በየአቅጣጫው 2.718 እጥፍ በሰፋ ቁጥር አንድ ኢ-ፎልድ ይቆጠራል፣ ከላይ የተጠቀሰው ስፋትም 60 ኢ-ፎልድ ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ወደፊት ስለሚያስፈልገን ይያዝልኝ።

በአይንስታይን የስበት እኩልታዎች መሠረት እንዲህ ያለ እየፈጠነ የሚሄድ መለጠጥ የሚፈጠረው፣ ቦታው ሲሰፋ ሳይሳሳ የሚቆይ ኃይል ሲኖር ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች ይህን ሥራ «ኢንፍላተን» ለሚባል ስኬላር መስክ ይሰጡታል፤ ስኬላር መስክ ማለት በእያንዳንዱ የኅዋ ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ያለው፣ አቅጣጫ የሌለው መስክ ነው። በተዳፋት ላይ የተቀመጠ ኳስ ማሰብ ነገሩን ያቀልለዋል። ኳሱ ያለበት ቦታ የመስኩን ዋጋ፣ የተዳፋቱ ከፍታ እምቅ ኃይሉን ይወክላል፤ የዩኒቨርስ መለጠጥ ራሱ ደግሞ ኳሱን ወደኋላ እንደሚይዝ ሰበቃ ይሠራል። ተዳፋቱ ለዘብ ያለ እስከሆነ ድረስ ኳሱ በዝግታ ይንሸራተታል፣ ከፍታውም እምብዛም ስለማይቀንስ መለጠጡ ይቀጥላል። ቁልቁለቱ ሲበረታ መለጠጡ ያበቃል፤ መስኩም በሸለቆው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ኃይሉን ለቅንጣቶች ያስረክባል፣ የምናውቀው ትኩስ ዩኒቨርስም ከዚያ ይጀምራል። ይህ «ሪሂቲንግ» የሚባለው የመጨረሻ ምዕራፍ በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች በአንድ አንቀጽ የሚታለፍ ቢሆንም፣ ሞዴሎችን ለመለየት ያለው ድርሻ ግን ከሚገመተው በላይ ነው።

ከታሪኩ ብንነሣ፣ የመጀመሪያው ልዩነት የተፈጠረው ሂደቱ እንዴት ያበቃል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። አሜሪካዊው አለን ጉት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ መስኩ የሚጀምረው ከእውነተኛው ዝቅተኛ ቦታ ሳይሆን ከፍ ብሎ ከሚገኝ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚወጣውም በኳንተም ሕግ ግድግዳውን ሰርጎ በማለፍ ነው። ይህ ሰርጎ ማለፍ ግን እዚህም እዚያም በተበታተኑ አረፋዎች የሚፈጸም ሲሆን፣ በአረፋዎቹ መካከል ያለው ቦታ ከአረፋዎቹ በላቀ ፍጥነት ስለሚለጠጥ አረፋዎቹ ተገናኝተው ወጥ የሆነ ዩኒቨርስ ሊሠሩ አይችሉም። ጉት ራሱ ይህን ጉድለት በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ገልጾታል። በ1982 በሞስኮ አንድሬ ሊንዴ፣ በአሜሪካ አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት ለየብቻቸው ያቀረቡት መፍትሔ ሰርጎ ማለፉን ትቶ፣ መስኩ ከተዳፋት አናት ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚወርድበት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሊንዴ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ ልዩ ቅርጽ ያለው ተዳፋት እንደማያስፈልግና መስኩ መጀመሪያ ላይ በየቦታው የተለያየ ዋጋ ይዞ ቢገኝ እንኳ ከፍተኛ ዋጋ በያዘበት ቦታ መለጠጡ በራሱ እንደሚጀምር አሳየ፤ «ኬኦቲክ» የሚባለው ይህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ስም የሚገልጸው የአጀማመሩን ሁኔታ እንጂ የተዳፋቱን ቅርጽ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ «ኬኦቲክ ኢንፍሌሽን በመለኪያ ወደቀ» ተብሎ ሲጻፍ የወደቀው አብሮት የሚጠቀሰው ቅርጽ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ በ1980፣ ሶቪየታዊው አሌክሲ ስታሮቢንስኪ ፈጽሞ ከሌላ አቅጣጫ ተነሥቶ ነበር። እሱ አዲስ መስክ አላመጣም፤ የአይንስታይንን እኩልታ ራሱን ነካ። በእኩልታው ውስጥ የኅዋ-ጊዜ ጉብጠት በአንድ ደረጃ ብቻ ይገባል፤ ስታሮቢንስኪ የኳንተም እርማቶችን ተከትሎ ሲሄድ የደረሰበት ሞዴል ግን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የጉብጠቱን ካሬ ይጨምራል። እኩልታው በሒሳብ መልኩ ሲለወጥ ያ ተጨማሪ ነገር አንድ ስኬላር መስክ ሆኖ ይወጣል፣ የእምቅ ኃይሉም ቅርጽ ከላይ እየተስተካከለ የሚሄድ ሰፊ አምባ ነው። ይህ አምባ ከአርባ ዓመታት በኋላ የውይይቱ ሁሉ ማዕከል ይሆናል ብሎ በዚያን ጊዜ የገመተ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንምጣ። ቪያቼስላቭ ሙካኖቭና ጌናዲ ቺቢሶቭ በ1981 እንዳሳዩት፣ በስታሮቢንስኪ ሞዴል ውስጥ የማይቀሩት ጥቃቅን የኳንተም ንዝረቶች በመለጠጡ ተስበው ኋላ ጋላክሲዎች የሚበቅሉባቸው ዘሮች ይሆናሉ። በ1982 በካምብሪጅ በተካሄደው ስብሰባ ላይ የተሳተፉት ሆኪንግ፣ ስታሮቢንስኪ፣ ጉትና ሌሎችም ይህንኑ ስሌት በስኬላር መስክ ለሚነዳው ኢንፍሌሽን አካሂደው ተቀራራቢ ውጤት ላይ ደርሰዋል። ውጤቱ፣ በትልቅም በትንሽም ስፋት ላይ ያሉት ንዝረቶች ጉልበት እኩል ለመሆን ይቀርባል፣ ፍጹም እኩል ግን አይሆንም የሚል ነው። ፍጹም እኩል ቢሆን ኖሮ የስፔክትረሙ የዝንባሌ ቁጥር በትክክል 1 ይሆን ነበር። ፕላንክ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በ2018 የመጨረሻ ትንተናዋ ያገኘችው 0.965 ሲሆን የስሕተት ወሰኑ 0.004 ነው፤ ከ1 ያለው ርቀት ከስምንት የስሕተት ወሰን በላይ ስለሆነ ዝንባሌው መኖሩ በዚህ መለኪያ አያጠራጥርም። ሁለተኛው ቁጥር የስበት ሞገድ ድርሻ ነው። ኅዋ ራሱ ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠሩት ሞገዶች በቀደምቱ ጨረር ፖላራይዜሽን (ሞገዱ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ላይ ተጠማዛዥ አሻራ ይተዋሉ፤ የዚያ ጉልበት ከቁስ ንዝረቶች ጉልበት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው። በደቡብ ዋልታ የሚሠሩት የባይሴፕና የኬክ ቴሌስኮፖች በ2021 ያወጡት ገደብ፣ ይህ ድርሻ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ0.036 በታች ነው ይላል። እስካሁን የተገኘው ጣሪያው እንጂ ራሱ ቁጥሩ አይደለም።

የሞዴል ፈተና እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት አንዱን በቅርብ እንውሰድ። ከሁሉም ቀላሉ፣ እምቅ ኃይሉ ከመስኩ ካሬ ጋር የሚመጣጠንበት ነው። ስሌቱ በመጨረሻ የሚሰጠው ሁለት አጫጭር ውጤት ነው፤ የዝንባሌው ቁጥር ከ1 ላይ 2 ሲካፈል ለኢ-ፎልዶቹ ብዛት ተቀንሶ የሚገኝ ሲሆን፣ የስበት ሞገድ ድርሻው 8 ሲካፈል ለኢ-ፎልዶቹ ብዛት ነው። የምናያቸው ንዝረቶች ከመለጠጡ ማብቂያ 60 ኢ-ፎልድ ቀደም ብለው ከተዘረጉ ዝንባሌው 0.967፣ ድርሻው 0.133 ይሆናል፤ 50 ብንወስድ 0.96 እና 0.16 ይወጣል። በዝንባሌው ረገድ ሞዴሉ ከፕላንክ ልኬት ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገጥማል፣ ለብዙ ዓመታት የተወደደበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። የስበት ሞገድ ድርሻው ግን ከተፈቀደው ጣሪያ ሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ ሞዴሉ ወድቋል። ካሬው በአራተኛ ደረጃ ሲተካ ነገሩ ይብስበታል፤ 0.95 እና 0.27 ስለሚሰጥ በሁለቱም ቁጥር ይወድቃል፣ የዚህ ዕጣ ፈንታ እንዲያውም ከፕላንክ በፊት በደብሊውማፕ ሳተላይት ዘመን የታየ ነበር። በቀጥታ መስመር የሚወርደው ተዳፋት 0.975 እና 0.067 ይሰጣል፤ ይህም ከጣሪያው በላይ ነው። የስበት ሞገዱ መጠን የሚወሰነው በቁልቁለቱ ጥንካሬ በመሆኑ፣ መለኪያው በተሻሻለ ቁጥር የሚወድቁት በቅድሚያ ቁልቁለታሞቹ ናቸው።

የስታሮቢንስኪ አምባ በዚሁ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዝንባሌው ቀመር ከካሬው ሞዴል ጋር አንድ ሆኖ፣ የስበት ሞገድ ድርሻው ግን 12 ሲካፈል ለኢ-ፎልዶቹ ብዛት ካሬ ነው። በ60 ስንሠራው 0.967 እና 0.0033 እናገኛለን። ማለትም ሁለቱን ሞዴሎች በዝንባሌ ቁጥር ብቻ ለመለየት የሚሞክር ሰው ፈጽሞ አይሳካለትም፤ በሁለተኛው ቁጥር ግን አርባ እጥፍ ይራራቃሉ።

የስበት ሞገዱን ለማግኘት ይህን ያህል የሚደከመው ሞዴሎችን ለመጣል ብቻ አይደለም። የዚህ ቁጥር መጠን መለጠጡ የተከናወነበትን የኃይል ደረጃ በቀጥታ ይነግረናል፤ አሁን ባለው ጣሪያ መሠረት ያ ደረጃ ቢበዛ 15 ሺህ ትሪሊዮን ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፣ ይህም በአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል በሰርን ትልቁ አጋጪ ከሚደረስበት የግጭት ኃይል አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። በተጨማሪም ዴቪድ ሊዝ በ1997 እንዳመለከተው፣ ድርሻው ከ0.01 የሚበልጥ ከሆነ መስኩ በጉዞው የሚያካልለው ርቀት የኳንተም ስበት ኃይሉን ከሚያሳይበት ከፕላንክ ደረጃ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ይሆናል። «ትልቅ መስክ» እና «ትንሽ መስክ» የሚባለው ክፍፍል የመጣው ከዚህ ነው። ትልቅ መስክ የሚጠቀም ሞዴል፣ የማናውቃቸው የኳንተም ስበት እርማቶች ያንን ለዘብ ያለ ተዳፋት ለምን እንዳላበላሹት ማስረዳት አለበት። ካትሪን ፍሪዝ፣ ጆሹዋ ፍሪማንና አንጄላ ኦሊንቶ በ1990 ያቀረቡት ናቹራል ኢንፍሌሽን በትክክል ለዚህ ሥጋት የተዘጋጀ ነው፤ ተዳፋቱን የሚጠብቅለት ሲሜትሪ አለው፣ የእምቅ ኃይሉም ቅርጽ ከፍ ዝቅ የሚል የኮሳይን ማዕበል ነው። በንድፈ ሐሳብ ረገድ ከሁሉም ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ሞዴል ነው፤ በመለኪያ ረገድ ግን ቀላሉ ዓይነቱ ዛሬ ከተፈቀደው ክልል ውጭ ወድቋል። ውበት ማስረጃ እንደማይሆን ለሚጠራጠር ሰው ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እምብርት ደርሰናል፤ በስም የሚለያዩ፣ በቁጥር ግን አንድ የሚሆኑ ሞዴሎች አሉ። ፊዮዶር ቤዝሩኮቭና ሚካኢል ሻፖሽኒኮቭ በ2008 ባሳተሙት ሐሳብ ኢንፍላተን አዲስ መስክ ሳይሆን ለቅንጣቶች ክብደት የሚሰጠውና ቅንጣቱ በሰርን በ2012 የተገኘው የሂግስ መስክ ነው። የሂግስ እምቅ ኃይል በራሱ በአራተኛ ደረጃ የሚያድግ በመሆኑ ከላይ እንዳየነው ይወድቅ ነበር፤ ነገር ግን መስኩ ከኅዋ ጉብጠት ጋር በቀጥታና እጅግ በጠነከረ ቁጥር ከተጣመረ የላይኛው ክፍል ይደለደልና እንደ ስታሮቢንስኪው ያለ አምባ ይሆናል። ሬናታ ካሎሽና ሊንዴ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ2013 ጀምረው ያዳበሯቸው «አልፋ አትራክተር» የሚባሉት ሞዴሎችም ብዙ የተለያዩ መነሻዎች ወደ አንድ የዝንባሌ ቁጥር እንደሚሰበሰቡ አሳይተዋል፤ በእነርሱ ውስጥ የስበት ሞገድ ድርሻው በአንድ ነፃ ቁጥር አማካይነት ከፍ ወይም ዝቅ ሊደረግ ይችላል፣ ያ ቁጥር 1 ሲሆን የስታሮቢንስኪ ውጤት ተመልሶ ይመጣል። አንዱ ከስበት እርማት፣ አንዱ ከቅንጣት ፊዚክስ፣ ሌላው ከሱፐርግራቪቲ (ስበትን ቅንጣቶችን ከሚያዛምድ ሲሜትሪ ጋር ከሚያጣምር ንድፈ ሐሳብ) ተነሥተው በመለኪያ ሠንጠረዥ ላይ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ይከማቻሉ።

ታዲያ ልዩነታቸው ትርጉም የለሽ ነው? አይደለም፤ ሪሂቲንግን ቀደም ብዬ ያነሣሁት ለዚህ ነው። የሂግስ መስክ ከሌሎች ቅንጣቶች ጋር ጠንካራ ግንኙነት ስላለው ኃይሉን በፍጥነት ያስረክባል፤ የስታሮቢንስኪው መስክ ግን የሚያስረክበው በደካማው የስበት ግንኙነት ብቻ ስለሆነ እጅግ ይዘገያል። የዚህ መዘግየት ውጤት፣ የምናያቸው ንዝረቶች ከማብቂያው በፊት የነበራቸው የኢ-ፎልድ ብዛት መለያየቱ ነው፤ ለሂግስ 58፣ ለስታሮቢንስኪ 54 ገደማ። በዝንባሌ ቁጥር ላይ የሚያመጣው ልዩነት 0.002 ያህል ነው። የፕላንክ የስሕተት ወሰን 0.004 እንደነበር ስናስታውስ ልዩነቱን ለመለየት የዛሬው አቅማችን እንደማይበቃ ግልጽ ነው፣ ግን አቅም ገና ያልደረሰበት የሚለካ ነገርና ጭራሽ የማይለካ ነገር አንድ አይደሉም። ከዚህም ሌላ በብዙ ጽሑፎች ላይ የምናየው «ከ50 እስከ 60» የሚል ወሰን ራሱ ስለ ሪሂቲንግ ያለንን ዕውቀት ማነስ የሚገልጽ መሆኑን አንባቢ ቢያስተውል መልካም ነው።

እስካሁን የተናገርሁት አንድ መስክ ብቻ ስላላቸው ሞዴሎች ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ መስኮች ሲገቡ ሌሎች መለያዎች ይመጣሉ። ሊንዴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ሃይብሪድ ኢንፍሌሽን ሁለት መስኮች አሉት፤ አንዱ በዝግታ ይንሸራተታል፣ የሆነ ነጥብ ላይ ሲደርስ ሁለተኛውን ይለቀዋል፣ መለጠጡም በድንገት ይቆማል። የዚህ ሞዴል የመጀመሪያው መልክ ከ1 የሚበልጥ የዝንባሌ ቁጥር ስለሚተነብይ አልቆመም፣ የተሻሻሉት ዝርያዎቹ ግን አሉ። በ2001 እና 2002 በተለያዩ ቡድኖች የቀረበው የ«ከርቫተን» ሐሳብ ደግሞ ሥራውን ይከፍለዋል፤ መለጠጡን የሚነዳው አንድ መስክ፣ የጋላክሲ ዘሮችን የሚዘራው ሌላ ነው። እንዲህ ያሉት ሞዴሎች ንዝረቶቹን ከተለመደው፣ የደወል ቅርጽ ካለው የጋውስ ስርጭት ትንሽ ሊያዛንፏቸው ይችላሉ። ሁዋን ማልዳሴና በ2003 ባሳተመው ስሌት በአንድ መስክ የሚመራ ዝግተኛ ኢንፍሌሽን የሚያመጣው የዝንፈት ቁጥር ከመቶ ጥቂት እጅ ገደማ ብቻ መሆኑን ሲያሳይ፣ ቀላሉ ከርቫተን መለጠጡ ካበቃ በኋላ ራሱ ዋነኛው የኃይል ድርሻ ከሆነ የሚሰጠው ከዜሮ በታች 1.25 (-1.25) ነው። ፕላንክ የለካችው -0.9 ሆኖ የስሕተት ወሰኑ 5.1 ስለሆነ ሁለቱም ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የተወነጨፈው የናሳ ስፌርኤክስ ቴሌስኮፕ የጋላክሲዎችን ስርጭት በመላ ሰማይ እየቃኘ ይህን ወሰን ወደ 1 እና ከዚያ በታች ለማውረድ የታቀደ ነው፤ ከተሳካ በአንድ መስክና በብዙ መስክ መካከል ያለው ክርክር መልክ ይይዛል። መለጠጡ በሚካሄድበት ጊዜም ሙቀት እየተፈጠረ ይሄዳል የሚሉት «ዋርም» ሞዴሎች፣ እንዲሁም መስኩ በዝግታ ሳይሆን በፍጥነት ገደብ ተይዞ ይጓዛል የሚሉት ከስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ የወጡ ሞዴሎች የየራሳቸው የዝንፈት ቅርጽ አላቸው፤ ዝርዝራቸውን እዚህ አልገባበትም።

ስለ መለኪያዎቹ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። በማርች 2014 የባይሴፕ2 ቡድን የስበት ሞገድ ድርሻው 0.2 ገደማ ሆኖ ተገኘ ብሎ ሲያስታውቅ የካሬው ሞዴል ደጋፊዎች ደስ ብሏቸው ነበር፣ አምባማዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ለጥቂት ወራት እንደ ሞቱ ተቆጥረው ነበር። በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ጋር በጋራ በተደረገው ትንተና ከምልክቱ አብዛኛው በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ አቧራ የፈጠረው መሆኑ ታወቀ፣ ቁጥሩም ወደ ጣሪያነት ተመልሶ ከ0.12 በታች ተባለ። ሁለተኛው ጉዳይ አዲስ ነው። በቺሊ የሚገኘው የአታካማ ኮስሞሎጂ ቴሌስኮፕ በ2025 ያወጣው ውጤት ከፕላንክና ጋላክሲዎችን ከሚቃኘው ከዴሲ መረጃ ጋር ሲጣመር የዝንባሌውን ቁጥር ወደ 0.974 ከፍ ያደርገዋል፣ በ0.003 የስሕተት ወሰን። ይህ እውነት ከሆነ የስታሮቢንስኪ ሞዴል በተለመደው የኢ-ፎልድ ወሰን ውስጥ ከሚሰጠው ከ0.960 እስከ 0.967 ካለው ቁጥር በሁለት የስሕተት ወሰን ገደማ ይርቃል። ከዚያ ወዲህ የስታሮቢንስኪን ሞዴል «ለማዳን» የተጻፈው ጽሑፍ ብዛት ያስገርማል። በበኩሌ ለመቅበርም ለማዳንም መቸኮል አይገባም እላለሁ፤ ከፍ ማለቱ በከፊል የመጣው ከዴሲ መረጃ ጋር በመጣመሩ ሲሆን፣ የዴሲና የቀደምቱ ጨረር መረጃዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ራሱ ገና እየተመረመረ ያለ ጉዳይ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ተነሥተው፣ ማንኛውንም ቁጥር የሚያስተናግድ ሞዴል ከተገኘ ኢንፍሌሽን ራሱ ሊፈተን የሚችል ሳይንስ አይደለም ይላሉ። ከቀደምት ፈልሳፊዎቹ አንዱ የሆነው ስታይንሃርት ዛሬ ከዋናዎቹ ተቺዎች አንዱ ነው፤ በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህን ትችት ለሰፊው አንባቢ ሲያቀርብ ጉትና ሊንዴን ጨምሮ 33 ሳይንቲስቶች በጋራ ደብዳቤ መልሰውለታል። ትችቱ በአንድ በኩል ትክክል ነው፣ «ኢንፍሌሽን» የሚለው አጠቃላይ ሐሳብ በአንድ ቁጥር አይወድቅም። ነገር ግን የሚፈተኑት ነጠላዎቹ ሞዴሎች ናቸው፣ እነርሱም ከላይ እንዳየነው እየወደቁ ነው። ስታይንሃርት የሚደግፈው አማራጭ፣ ዩኒቨርስ ከመስፋቱ በፊት ቀስ ብሎ ተኮማትሯል የሚለው፣ ሊለካ የሚችል የቀደምት ስበት ሞገድ እንደማይኖር ስለሚተነብይ ሁለቱንም ወገን የሚያስጨንቀው መለኪያ አንድ ነው።

ያ መለኪያ እየተዘጋጀ ነው። በአታካማ በረሃ የሚገኘው የሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ጀምሯል፤ በጃፓን የጠፈር ድርጅት የሚመራውና በ2030ዎቹ እንዲመጥቅ የታቀደው ላይትበርድ ሳተላይት ደግሞ የስበት ሞገድ ድርሻን እስከ 0.001 በሚደርስ ጥራት ለመለካት ያለመ ነው። ድርሻው 0.003 ገደማ ሆኖ ከተገኘ አምባማዎቹ ሞዴሎች ትልቅ ድጋፍ ያገኛሉ፤ በስታሮቢንስኪና በሂግስ መካከል ያለው ክርክር ግን አያበቃም፣ ምክንያቱም እርሱን የሚፈታው የዝንባሌው ቁጥር ጥራት ነው። እስከ 0.001 ድረስ ምንም ካልተገኘ እነዚህ ሁለቱ ይወድቃሉ፣ ነፃ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ አልፋ አትራክተሮችና ትንሽ መስክ የሚጠቀሙት ሞዴሎች ግን ይተርፋሉ። እንደ 0.02 ያለ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ይጀመራል፤ በአንድ መስክ የሚመራ ዝግተኛ ኢንፍሌሽን የስበት ሞገዶቹ የራሳቸው ዝንባሌ የድርሻቸው አንድ ስምንተኛ ሆኖ በተቃራኒ ምልክት መውጣት አለበት ይላል፣ ይህንን ለማረጋገጥም ሞገዶቹን ማግኘት ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በእጅጉ በሚራራቁ ስፋቶች ላይ መለካት ያስፈልጋል።